ሁለት ጣት ያልተሰፋ ጠርዝ

ኤዶ ሩቂያ መሞቷን የነገረኝ ኢብሮ ነው። ኢብሮ ከእኛ ልብስ ስፌት ቤት አጠገብ ጨርቅ ይሸጣል። መጋላ ሰፈር ውስጥ እሱ ያልቀለደበት ሰው የለም። በዚያ ጠዋት ግን ሱቁን ሳይከፍት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሲያየኝ ተነሣና ቁልፍ ዘረጋልኝ። ቁልፉን አወቅሁት። ኤዶ በጥቁር ክር አሥራ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥለው፣ ስትተኛም የማታወልቀው የሱቃችን ቁልፍ ነበር።

«ለሱብሒ ሶላት ሳትነሣ ቀረች» አለኝ። «ቁልፉን ለዚያች ድምፅ የለሽ ስጡልኝ ብላ ነበር አሉ።»

ብዙ ስለማልናገር፣ ስናገርም ድምፄ ስለሚሰበር፣ ድምፅ የለሽ የምትባለው እኔ ነኝ። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ በዚህ ስም ግን ኤዶ ጠርታኝ አታውቅም። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን አቋርጬ እሷ ዘንድ ስፌት ልማር ስገባ፣ እናቴ «አንቱ እያልሽ፣ ቀና ሳትዪ» ብላ መክራኝ ስለነበር እንደተባልኩት አደረግሁ። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም አይወደድም። ኤዶ መቀሷን አስቀምጣ ዞር አለችና ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ ተመለከተች።

«ማንን ነው የምታናግሪው?»

«እርስዎን።»

«አቦ ተይ! አንቱ ስትዪኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል።»

ልብስ ሊለኩ የመጡት ሴቶች ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ዞር ያለችው ለቀልድ አልነበረም፤ በእርግጥ ሰው ቆሞ እንደሆነ ልታይ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቺ አልኳት።

ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ሶማሌውም፣ ኦሮሞውም፣ አማራውም፣ ሐረሪውም እንደዚያ ነበር የሚጠራት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉሯን ሒና የምትቀባ ሴት ነበረች። ስትሠራ አታወራም። ልብስ ስታጠናቅቅ ሌባ ጣቷንና የመሀል ጣቷን ጠርዙ ላይ አሳርፋ ትንሽ ታቆያቸዋለች፤ ሐኪም የበሽተኛን ደም ሥር እንደሚይዘው። ጣቶቿ የሚያርፉበት ቦታ ደግሞ ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሰው ልብስ ሊያሰፋ ሲመጣ ልኬቱን ከመውሰዷ በፊት «መንገድ አለህ?» ብላ ትጠይቃለች። ድሬ መንገደኛ የማይጠፋባት ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ጅግጅጋ፣ ወደ ዐረብ አገር የሚሄድ ሁሉ አዲስ ልብስ ይፈልጋል። መንገድ የለኝም ያለው ሰው ልብሱ አልቆ ይሰጠዋል። መንገድ አለኝ ያለው ግን ጠርዙ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ሳይሰፋ፣ ክሩም ሳይቆረጥ ተንጠልጥሎ ይረከባል። «ስትመለስ እጨርስልሃለሁ» ትለዋለች። ሌላ ማብራሪያ የለም።

አንድ የጫማ ነጋዴ ሱሪውን እያወዛወዘ ሲጮህባት ትዝ ይለኛል።

«ግማሽ ሱሪ ነው እንዴ የምትሰፊው?»

«ግማሽ አይደለም፤ የጎደለው ሁለት ጣት ነው።»

«ጅግጅጋ ላይ ሰው ሲያየኝ ምን ይለኛል?»

«ቤቱ የሚጠብቀው ሰው አለ ይልሃል።»

እያጉረመረመ ሄደ። ብዙም ሳይቆይ በላብ ተጠምቆ መጣና ሱሪውን ጠረጴዛው ላይ ጣለው። «ይኸው፣ ሥራዬን ትቼ ለሁለት ጣት ስፌት መጣሁልሽ። በይ ጨርሺና ገላግዪኝ!» ኢብሮ ከሱቁ ሆኖ «ወሪያ! ሚስትህ እንኳ እንዲህ አድርጋ መልሳህ አታውቅም!» ሲል መንገዱ ሁሉ ሳቀ።

ያልሳቅንበትም ነበር። አንዲት እናት ወደ ዐረብ አገር ለሚሄድ ልጇ ሸሚዝ አሰፋች። ክፍቱን ጠርዝ ስታየው ስንፍና መሰላትና ሌላ ሰፊ ጋ ወስዳ አስዘጋችው። ልጁ እዚያ ደርሶ አንዴ ደወለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁ አልተሰማም። እናቱ አልፎ አልፎ ደጃፋችን ላይ መጥታ ትቆም ነበር። ኤዶ ወንበር ታወጣላታለች። ሴትየዋ ተቀምጣ የምንሰፋውን ታያለች፣ ሲመሽ ትሄዳለች።

«ኤዶ፣ ይሄ ነገርሽ ዲን ውስጥ የለም» ይላታል ኢብሮ ሃይማኖቱን ጠቅሶ፣ እሱም ቢሆን እየፈራ።

«እኔ ክፍት የምተወው ጨርቅ ነው፤ ኢማኔን አይደለም» ትለዋለች።

ምክንያቱን የነገረችኝ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ሙቀቱ ጠንክሮ ሱቆች ሁሉ በራቸውን ገርበብ አድርገው፣ መንገዱ ላይ ሰው ያልነበረበት ሰዓት። ባሏ ዑመር የጅቡቲ የጀልባ ሰው ነበር። ሥራው የጀልባ ሸራ መጠገን ነው። በድሮው ባቡር እየተመላለሰ ድሬ አገኛት፣ መጋላ ቤት ተከራይተው ተጋቡ።

«ገና ሙሽራ ሳለሁ ሸሚዝ ሰፋሁለት» አለችኝ። «እሱም መርፌ የሚይዝ ሰው ስለነበረ እጄን እንዲያደንቅልኝ ፈለግሁ። አንዲት ክር ሳላስተርፍ፣ ጠርዙን እስከ መጨረሻው ጥርቅም አድርጌ ጨረስኩት። ለበሰው፣ ሄደ።»

በዚያ ጉዞ ከጅቡቲ ወደብ ማዶ ወዳለችው ሙሻ የምትባል ትንሽ ደሴት ሲሻገር ከባድ ነፋስ ተነሣ። ጀልባዋን ከነፋሱ በኋላ ደሴቷ ዳርቻ፣ አሸዋ ላይ አገኟት። ሰው የለባትም።

«ሸራዋን ነፋሱ ቀዶት ነበር» አለች ኤዶ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ግን ተሰፍቷል። ገባሽ? ነፋሱ ካለፈ በኋላ አንድ ሰው አሸዋው ላይ ተቀምጦ፣ ረጋ ብሎ ሰፍቶታል። የእሱ እጅ ነው። ሰፍቶ ሲያበቃ የት ሄደ?»

ከስፌት መኪናዋ መሳቢያ የሸራ ቁራጭ አወጣች። ከዚያች ጀልባ ቆርጠው ያመጡላት ነው። ወፍራም ነጭ ክር፣ ሦስቴ ወደፊት ሄዶ አንዴ ወደኋላ የሚመለስ ስፌት። እኛ ልብስ ሰፊዎች ቋጠሮን በውስጥ በኩል እንደብቃለን። በዚህ ላይ ግን ቋጠሮው በውጭ ነበር፣ የክሩም ጫፍ ረዝሞ ተንጠልጥሏል። ለዑመር ለቅሶ አልተቀመጠችም። ሬሳ ባለመገኘቱ ብቻ አልነበረም። ሸራ የሰፋ ሰው እንዴት ሞተ ይባላል፣ ትል ነበር።

ባለፈው ዓመት የባሏ የወንድም ልጅ ጉሌድ ከጅቡቲ ደወለና፣ ወደ ደሴቷ የሚወስዳት ጀልባ ማግኘቱን ነገራት። ከዚያ በፊትም ደጋግማ ተነሥታ ቀርታለች። አሁን ግን እግሯ እያበጠ ነበር።

«ዘንድሮ ካልሄድኩ ሌላ ጊዜ ይሄ እግር አይወስደኝም» አለችኝ። «አሸዋውን ልርገጠውና ቆሜ ዱዓ ላድርግለት። ከዚያ ሞቷል እላለሁ። አንዴ በአፌ ሞቷል ልበልና በስ፣ ይበቃኛል።»

ለራሷ አመድማ ድሪያ፣ ሰፊ ረጅም ቀሚስ፣ ሰፋች። ጠርዙ ላይ ሁለት ጣት ክፍት ትታ ግድግዳው ምስማር ላይ ሰቀለችው። «ስመለስ አንቺ ትጨርሺዋለሽ» አለችኝ። የጉዞ ወረቀቷ ተሟላ፣ የባቡር ትኬቱም ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ ነው የአውሎ ነፋሱ ወሬ የመጣው። ባሕር ላይ ትልቅ ነፋስ ተነሥቷል፣ ወደ ጅቡቲ በኩል እየመጣ ነው ተባለ። ሬዲዮው ሳይክሎን ይለዋል።

«ለነፋሱ ስም ሁሉ አውጥተውለታል አሉ» አለ ኢብሮ። «ስም ያለው ነገር ደግሞ ቤት ሳያንኳኳ አይቀርም። ኤዶ፣ ትኬቱን መልሺው!»

«ገና ለገና?»

«ገና ለገና ነው እንጂ ከሰጠሙ በኋላ ትኬት ይመለሳል እንዴ?»

«አንተ ለእኔ አዝነህ ነው ወይስ ከእኔ ሌላ የምታሾፍበት ሰው ስለሌለህ?»

«ወላሂ ለሁለቱም!»

ሬዲዮው ጠዋት ይመጣል ካለ ማታ ወደ የመን ዞሯል ይላል። ኤዶ ጠዋት ሻንጣዋን ትፈታለች፣ ማታ መልሳ ታሥራለች። ያን ሰሞን ስትሰፋ እጇ ሲስት አየሁ፤ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን ጉሌድ ቪዲዮ ላከ። ስልኳን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ቪዲዮው የተቀረጸው ጀልባው ላይ ነው፤ ውሃው እንደ መስታወት ረግቷል፣ ሰማዩ ሰማያዊ ነው። «ኤዶ፣ ይኸው እዪው!» ይላል የጉሌድ ድምፅ። «አንዲት ደመና የለችም። ጀልበኞቹም ነፋሱ አልፏል ይላሉ። አሁን ካልመጣሽ ግን የነፋሱ ወራት ይገባል፤ ባለጀልባው ለስንት ወር ከወደብ አይነሣም።»

ኤዶ ለረጅም ጊዜ አየችው። የድሬ ሰው ጥርት ባለ ሰማይ አይታለልም። እኛ ዘንድ ደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሰው ሲነግድበት ይውላል፤ ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ከሐረር ተራሮች የዘነበው ጎርፍ በጠራራ ፀሐይ ከች ይላል።

«እስቲ ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩት። «እንደገና።»

ከዚያ ጣቷን ስክሪኑ ጥግ ላይ አሳረፈች። «ይሄ ጀልባው ኋላ ላይ አጎንብሶ የተቀመጠው ማነው?»

አየሁ። የተከመረ ገመድ ነው። በእርግጥ ገመድ ነው። «ገመድ ነው፣ ኤዶ» አልኳት።

ጉሌድ ጋ ደወልን። «ማንም የለም፤ ብቻዬን ነው የቀረጽኩት» አለ። ኤዶ ስልኩን መለሰችልኝ። ሱቁን ከመዝጋታችን በፊት ድሪያዋ ጋ ሄዳ ሁለት ጣቷን ክፍቱ ጠርዝ ላይ አሳረፈች። ክፍት ነበር፤ እኔም አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉን አንገትጌዋ ውስጥ ከተተች። ሌላ ቁልፍ የለም።

በማግስቱ ጠዋት አብረን ከፈትን። ባጃጁ ከከተማ ወጣ ወዳለው አዲሱ ባቡር ጣቢያ ሊያደርሳት ደጅ ቆሟል። ድሪያውን ላወርድላት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

ጠርዙ ተሰፍቷል።

በወፍራም ነጭ ክር። ሦስቴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ። ቋጠሮው በውጭ፣ የክሩ ጫፍ ረዝሞ።

ኤዶ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። «አንቺ ነሽ?»

በአሉታ ራሴን ነቀነቅሁ። እንዲህ ያለ ወፍራም ክር ቤታችን ውስጥ የለም። ከመሳቢያዋ የሸራውን ቁራጭ አውጥታ ጎን ለጎን አደረገቻቸው። ሁለቱን ስፌቶች አንድ ሰው በአንድ ቀን የሰፋቸው ይመስሉ ነበር። ኢብሮ ድምፃችን ሲጠፋበት መጥቶ ከበሩ ላይ አየ።

«ሱብሓነላህ» አለ። ከዚያ እንደምንም ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። «ኤዶ፣ አንቺው ሰፍተሽ ረስተሽው ነው። እርጅና ነው።»

«ማታ ጣቴን አስገብቼበታለሁ» አለች። ድሪያውን ጭኗ ላይ አድርጋ ቁጭ አለች። ስልኳ ጮኸ፤ ጉሌድ ነው። አላነሣችውም። ባለ ባጃጁ ጥሩንባ ነፋ።

«አትሂጂ» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። ድምፄ እንደዚያ ሲወጣ ሰምተውት አያውቁም።

«ምን አልሽ?»

«ኤዶ፣ አትሂጂ። ጠርዙ ከተዘጋ አትመለሺም። አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ።»

«ዑመርስ ይህን የሚያውቅ አይመስልሽም?» አለች በቀስታ። «እኔ የምፈራው መሞት አይደለም፤ የእሱን ፈቃድ ማጣት ነው። የዘጋብኝ ነይና እዚሁ ቅሪ ለማለት ነው? ወይስ አትምጪ ለማለት? እስቲ አንቺ ንገሪኝ። ዐይንሽ ወጣት ነው፤ ስፌቱን አንብቢልኝ።»

ተንበርክኬ አየሁት። ብዙ የማልናገር ሰው ስለሆንኩ ማየት እችላለሁ። ክሩ ጨርቁን አጥብቆ አልያዘም። ልል ነበር፤ ለመቆየት የተሰፋ አይመስልም። ቋጠሮውም ቋጠሮ አልነበረም፤ አንዴ ብቻ የተጠመዘዘ ዙር ነው።

«ኤዶ፣ ይሄ ሲጎተት ይፈታል» አልኳት። «ጫፉን በውጭ ያስረዘመው አንቺ እንድትይዢው ነው።»

የክሩን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠመጠመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የምትለውን አልሰማሁም። ከዚያ ጎተተችው። ክሩ አንዳች ሳይይዘው፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ ጉተታ ወጣ። ጠርዙ ተከፈተ። ክሩን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ያን ሰሞን ድሬ ላይ የታጠበ ልብስ እጅ ላይ የሚያደርቅ ሙቀት ነበር። ክሩ ግን እርጥብ ነበር። ጣቴን ወደ ምላሴ አስጠጋሁ፤ ጨው ጨው ይላል። የሰው ላብም ጨው ነው፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ።

«ባጃጁን አሰናብተው» አለችው ኢብሮን። ስልኳን አንሥታ ለጉሌድ «አልመጣም» አለችው። ጉሌድ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ሊያስረዳት ይጮህ ነበር። ጆሮዋ ላይ አልያዘችውም።

ነፋሱ አልዞረም ነበር። በዚያው ሰሞን ደርሶ ወደቡን አናወጠው። ኤዶን ሊወስዳት የነበረው ጀልባ ሰው ሳይኖርበት ከታሠረበት ተበጥሶ ሄደ። ጉሌድ ደውሎ ሲነግራት አለቀሰ፤ እሷ አላለቀሰችም። እኛ ጋ የነፋሱ ጭራ ተራሮቹ ላይ ዘንቦ ኖሮ፣ ደቻቱ በጠራራ ፀሐይ ሞልቶ መጣ። ዳር ቆመን ስናይ ኢብሮ «የጭቃ ሽታ» አለ። ኤዶ አየር ወደ ውስጥ ሳበችና «የጭቃ አይደለም፤ የጨው ነው» አለች። ይህን ብቻ።

ሰው ሁሉ እንኳን ተረፍሽ አላት። አፏ አመሰገነ። ከእኔ ጋር ስንቀር ግን «አየሽ፣ ሞቷል እንዳልል ከለከለኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ፊቷን ወደ በሩ አድርጋ ነበር የምትሰፋው። ሰው ሳይኖር «ግባ» ትላለች። እኔ ቀና እላለሁ፤ በሩ ላይ የሚታየው ፀሐይ ብቻ ነው። ደግማ ዝቅ ብላ መስፋቷን ትቀጥላለች። ድሪያውን አልለበሰችውም። ልጨርሰው ብዬ ስጠይቃት «ገና ነኝ» አለችኝ።

ኢብሮ ቁልፉን የሰጠኝ ቀን ለመግነዣ የሚሆን ነጭ ጨርቅም ሰጠኝና ወደ ቤቷ ይዤ ሄድኩ። እኔ ክርስቲያን ስለሆንኩ አስከሬኗ ወደሚታጠብበት ክፍል አልገባሁም። የሚያጥቧት ሴቶች በር ላይ ሆነው መቀስ ጠየቁኝ፣ እንደነገሩኝ እየለካሁ ቆረጥኩላቸው። እጄ በልማድ መርፌ አውጥቶ ክር ሲያስገባ አንዲት አሮጊት አየችኝ።

«መርፌውን መልሺው፣ ልጄ። ከፈን አይሰፋም።»

«ጠርዙም?»

«ምኑም አይሰፋ። ይጠቀለላል፣ ይታሠራል፣ በቃ።»

መርፌውን ይዤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ለመንገደኛ ሁሉ ሁለት ጣት ስትተው የኖረች ሴት አንድም ቦታ ያልተዘጋ ልብስ ለብሳ ሄደች።

አሁን ሱቁን የምይዘው እኔ ነኝ። ደንበኛ ሲመጣ «መንገድ አለህ?» እላለሁ፤ በዚህች ጥያቄ ድምፄ አይሰበርም። አመድማው ድሪያ ምስማሩ ላይ ነው፣ ጠርዙ እንደተከፈተ። ጠዋት ጠዋት ቁልፉን በሩ ውስጥ ከመክተቴ በፊት፣ ውስጥ ሰው ካለ ብዬ አንኳኳለሁ። ኢብሮ ሲያየኝ አይቀልድም፤ ጨርቁን እያጣጠፈ ፊቱን ያዞራል። አንኳኩቼ ጥቂት እጠብቃለሁ። እስካሁን «ግቢ» ያለኝ የለም።